ልባም፣ ብልጥ፣ ጥንቁቅ፦ የማስተዋል ስፍራ በቀደመው የፖለቲካ አሳብ፣ ከጅቡቲ ሲነበብ

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው በማግሥቱ ጅቡቲ ገቡ። ሚያዝያ 26 ቀን «ኢንተርፕራይዝ» በተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ከወደቡ ወጡ፤ በማግሥቱ የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባን ያዘ። ይህን ጉዞ አማርኛ እስከ ዛሬ በሁለት ቃላት ይጠራዋል። ለደጋፊው «ስደት» ነው፤ ቃሉ ወደ ግብፅ ከተደረገው የወንጌል ስደት ጋር የተቆራኘ ስለሆነ ክብርን አስከትሎ ይመጣል። ለነቃፊው «ሽሽት» ነው። ሁለቱም ቃላት ገና ሲነገሩ ፍርዳቸውን ሰጥተው ያለቁ ናቸው። በጥንቱ የፖለቲካ አሳብ ከሁለቱም አስቀድሞ መጠየቅ የነበረበት ሌላ ነገር ነበር፤ ውሳኔው የማስተዋል ሥራ ነበር ወይ? ይህ ጥያቄ በአማርኛ እምብዛም የማይጠየቅበት አንዱ ምክንያት መጠየቂያው ቃል ራሱ ስለተበላሸ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም የቃሉ መበላሸት ነው።

ብልሽቱ ከሩቅ የመጣ ነው። ፈረንሳይኛ የሥራ ቋንቋ በሆነባት በጅቡቲ ከተማ «ፕሩዳንስ» ሲባል ለሾፌሩም ለተማሪውም ፊት የሚደቀነው «ዝግ በል» የሚል ምልክት ነው። ሶማሌኛ ተናጋሪው ተርጓሚ «ታሐዳር» ይለዋል፤ አማርኛ ተናጋሪው «ጥንቃቄ» ይለዋል። ሁለቱም የተረጎሙት የዛሬውን ፈረንሳይኛ ነው። የላቲኑ «ፕሩደንቲያ» አስቀድሞ ማየት ከሚለው ቃል የወጣ ሲሆን፣ ሲሴሮን የመሰሉ የሮማ ጸሓፊዎች ከአራቱ ዐበይት የምግባር ዓይነቶች አንዱ አድርገው ቈጥረውታል። ከእርሱ በስተኋላ ያለው የግሪኩ «ፍሮኔሲስ» ደግሞ በአርስጣጣሊስ የኒቆማኮስ ሥነ ምግባር 6ኛ መጽሐፍ ውስጥ ሰፊ ቦታ የተሰጠው፣ ለሰው መልካም በሆነው ነገር ላይ በአግባቡ መክሮ የማድረግ ችሎታ ነው። አርስጣጣሊስ ትርጓሜውን ከመስጠቱ በፊት «እነማንን ነው አስተዋይ የምንላቸው?» ብሎ ከሰዎቹ ይጀምራል፤ ምሳሌውም የአቴናው መሪ ፔሪክሊስ ነው። ፔሪክሊስን ማንም «ጥንቁቅ» ብሎ አያሞግሰውም።

በነገራችን ላይ «ጥንቃቄ» የሚለውም ቃል ቢሆን የዛሬ ትርጕሙን ያገኘው ቈይቶ ነው። በግእዝ «ጠንቀቀ» ልኩን መጠበቅን፣ በትክክል መሆንን ያሳያል፤ አደጋን መሸሽ በውስጡ የለም። ይህ የትክክለኛነት ትርጕም ቢቀጥል ኖሮ ለፍሮኔሲስ መጥፎ ጐረቤት ባልሆነም ነበር።

በዚህ ርእስ ላይ ሁለት የተለመዱ አስተያየቶች አሉ፤ ሁለቱም አያረኩም። አንደኛው «ቃሉ በአማርኛም በግእዝም ስለሌለ አሳቡም አልነበረም» የሚለው ነው። ሁለተኛው ለዚህ በቁጭት የሚሰጠው መልስ ነው፤ «ጥበብ» የሚለው ቃል ሁሉን አቅፎ ይዟልና የጐደለን የለም ይላል። የመጀመሪያው አሳብን በመዝገበ ቃላት ዐምድ ይለካል። ሁለተኛው ደግሞ አንድ ቃል ሦስት ነገር ሲሸከም ልዩነቱ እንደሚጠፋ አያይም። «ጥበብ» የፈላስፋው ዕውቀት ነው፤ የአናጢውና የሸማኔው ሙያም ነው፤ የመካሪውም ብልሃት ነው። አርስጣጣሊስ በብርቱ የለያያቸውን ሦስቱን አንድ ላይ ያስራቸዋል።

ማስረጃው በወንጌል ትርጕም ውስጥ ግልጥ ሆኖ ይታያል። የግሪኩ ወንጌል በማቴዎስ 10 ስለ እባብ፣ በማቴዎስ 25 ስለ አምስቱ ደናግል ሲናገር ከፍሮኔሲስ የወጣውን ቅጽል ይጠቀማል፤ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ዓለም ጠቢብ ሲጽፍ ግን ሌላውን፣ ከሶፊያ የወጣውን ያመጣል። ግእዙ ለሁለቱም «ጠቢብ» ይላል። ይህን ብቻ ያየ ሰው «አሳቡ አልነበረም» ለሚሉት ወገኖች ሊፈርድ ይችላል። የ1954 ዓ.ም. የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን ልዩነቱን መልሶ ያመጣዋል። ለእባቡ፣ ለደናግሉ፣ ቤቱን በዐለት ላይ ለሠራውም ሰው «ልባም» የሚለውን ቃል ሰጥቶ፣ ለጳውሎስ ጠቢብ «ጥበበኛ»ን ይተዋል። ተቃራኒውም ልብ ሊባል ይገባል፤ አምስቱ ደናግል «ሰነፎች» ተብለዋል። የዛሬ ተማሪ ቃሉን ሲያነብ ሥራ የማይወዱ ሴቶች ይመስሉታል። በቀደመው አማርኛ ግን «ሰነፍ» ማለት ልብ የሌለው፣ የማያስተውል ነው። የልባም ጥላ ከሰነፍ ጋር አብሮ ተሰዷል ማለት ይቻላል፤ አንዱ ወደ ስንፍና ወርዶ፣ ሌላው ከዕለት ንግግር ወጥቶ።

«ልባም» የሚለው ቃል ማስተዋልን በልብ ውስጥ ያኖረዋል፤ ግእዙም «ለበወ»፣ «ልቡና»፣ «ለባዊ» ሲል ያንኑ ያደርጋል። ሰሎሞን በመጽሐፈ ነገሥት የለመነውን ልብ ዕብራይስጡ «የሚሰማ» ይለዋል፤ አማርኛው «አስተዋይ» ብሎ ተርጕሞታል። ትርጕሙ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር ጥሏል። ዕብራይስጡ የንጉሥን ማስተዋል የሌላውን ቃል ከመስማት ያስጀምረዋል፤ «ማስተዋል» ግን ብቻውን ለተቀመጠ ሰውም ይሆናል። የዚህ ልዩነት ክብደት ወደ 1928 ስንመለስ ይታያል።

ቃሉ ንጹሕ አይደለም። በሉቃስ 16 ጌታው ያመሰገነው የጌታውን ሀብት ያጭበረበረውን መጋቢ ነው፤ አማርኛው እዚያም «ልባምነት» ይላል፤ ግሪኩም እዚያ ያንኑ ከፍሮኔሲስ የወጣውን ቃል ስለተጠቀመ ተርጓሚው የሚነቀፍበት ነገር የለም። ክብረ ነገሥትም ከዚህ ዓይነቱ ችግር አላመለጠም። ማክዳ ወደ ኢየሩሳሌም የሄደችው ጥበብን ፍለጋ ነው። ሰሎሞን ደግሞ ከቤቱ ምንም እንዳትወስድ አስምሎ፣ ቅመም የበዛበት ምግብ አብልቶ፣ ሌሊት ውሃ ስትጠጣ መሐላዋን አፈረሰች ብሎ ያዛት። መጽሐፉ ይህን በጥበበኛው ንጉሥ ታሪክ ውስጥ ያለ አንዳች ማፈር ያስገባዋል፤ የመንግሥቱም ሐረግ ከዚያ ሌሊት ይወለዳል። የጥንቱ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ልዩነቱን አላወቀም ማለት ግን አይቻልም። ማክዳ የመጣችበትና ሰሎሞን ያደረገው በአንድ ቃል ሥር መቀመጣቸው ለታሪኩ ስሕተት አይመስልም፤ ጭንቀቱ ራሱ የታሪኩ ኃይል ነው።

በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አባ ሚካኤል ከዐረብኛ የመለሱት መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን ሌላ ዕድል ነበር። የዐረብ ፈላስፎች፣ ከእነርሱም አልፋራቢ፣ ለፍሮኔሲስ «ተዐቁል» የሚል የራሱን ስም ሰጥተውት ነበር። የመጽሐፈ ፈላስፋ ምንጭ ግን የምሳሌና የአባባል ስብስብ ነበርና ያ ስም ከፍልስፍናው ድርሰት ጋር አልተሻገረም። የተሻገረው ከዚያ ይልቅ የመካሪው ሥዕል ነው፤ ጠይቆ የሚጠየቅ፣ መልሱን በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚሰጥ ሽማግሌ። ክሎድ ሰምነር በ1974 እ.ኤ.አ. ይህን መጽሐፍ ለዓለም አንባቢ ሲያቀርቡት «የኢትዮጵያ ፍልስፍና» በሚለው ተከታታይ ሥራቸው የመጀመሪያ ቅጽ ማድረጋቸው ተገቢ ነበር፤ አሳቡ ያለው በስሙ ሳይሆን በትዕይንቱ ነውና።

ስለዚህ ፍለጋውን ከስም ወደ ሥር ማዞር ያስፈልጋል። ሁለት ስፍራዎች በተለይ ሀብታሞች ናቸው።

አንደኛው «ብልህ» እና «ብልጥ» ናቸው። ለጆሮ መንትያ ይመስላሉ፤ መዝገበ ቃላቱ ግን ይለያያቸዋል። «ብልህ» ከግእዙ «በልሐ» የመጣ ነው፤ ስለትን፣ መሳልን ይናገራል። «ብልጥ» ከ«በለጠ» ነው፤ ሌላውን ማለፍን፣ ከእርሱ በላይ መሆንን ያሳያል። ስለት ለብቻው ይሳላል፤ መብለጥ ግን የሚበለጥ ሰው ይፈልጋል። አርስጣጣሊስ ለማንኛውም ግብ መንገድ የሚያገኘውን ቅልጥፍና ከፍሮኔሲስ ሲለይ ግቡ ክፉ ሲሆን ቅልጥፍናው ተንኰል ይሆናል ይላል። አማርኛ ይህን ድንበር ያለ ፍልስፍና ድርሰት፣ በሁለት ቅጽሎች ሥር አስምሮታል። «ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ» የሚለው ተረትም የሚስቀው በዚሁ ነው፤ መብለጥን ብቻ የያዙ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ከመፋጠጥ በቀር የሚሠሩት የላቸውም።

ሁለተኛውና ዋናው «መከረ» ነው። በግእዝ «መከረ» ምክር ሰጠ፣ አሰበ ነው፤ «አመከረ» ደግሞ ፈተነ ማለት ነው፤ ከዚሁ «መከራ» ይወጣል። አማርኛ በዚህ ላይ «ሞከረ»ንና «ሙከራ»ን ጨምሯል። ምክር፣ መከራ፣ ሙከራ ከአንድ ሥር ናቸው። «ምከረው፣ ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው ተረት በቃላቱ ተመሳሳይነት የሚጫወት ይመስላል እንጂ ያወጀው የሥርወ ቃልን እውነት ነው። አርስጣጣሊስ ወጣት የሒሳብ ሊቅ ሊሆን ይችላል፣ አስተዋይ ግን አይሆንም ይላል፤ ማስተዋል የነጠላ ነገሮች ዕውቀት ነውና በልምድ ብቻ ይገኛል። ግሪኩ ለምክርና ለልምድ ሁለት የማይዛመዱ ቃላት ስላሉት ይህን በማስረጃ ማያያዝ አስፈልጎታል። የሴማዊው ሥር ግን አስቀድሞ አያይዞታል። «ቃሉ የለም» ለሚለው ወገን ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም። («ማስተዋል»ን ከ«ዋለ»፣ «ማስተዳደር»ን ከ«አደረ» ጋር አጣምሮ የቀንና የሌሊት ጥበቃ ማድረግ ለጆሮ ደስ ይላል፤ «አስተ» የሚለው መነሻ ግን በብዙ ግሦች ላይ የደረቀ ስለሆነ በዚህ ብቻ ሥርወ ቃል መፍረድ አይገባም።)

አርስጣጣሊስ ከሰዎቹ እንደጀመረ ሁሉ አማርኛም ሰዎቹን ታውቃለች። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በምርኮ ወደ ምኒልክ ቤት ገብተው የጦር ሚኒስትር ለመሆን የበቁ ሰው ናቸው፤ ሕዝቡም «አባ መላ» ይላቸው ነበር። በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱና የሰገሌ ጦርነት ሲደረግ ከዋና ወሳኞቹ አንዱ ነበሩ። ስለ ፍርዳቸው የሚነገረው ጨዋታ ብዙ ነው፤ እውነቱን ከፈጠራው መለየት የታሪክ ጸሓፊ ሥራ ነው። ለቋንቋ ተመልካች የሚበቃው ሕዝቡ የመላን ቃል በስማቸው ላይ ማኖሩ ነው። «መላ» ለተያዘ ነገር መውጫ ነው፤ መላ የሚመታ ሰው የነገሩን ልክ ያውቃል፣ ከሁሉም በላይ ጊዜውን ያውቃል።

ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ድሬ ዳዋ ከደረሰ በኋላ ግን የቃላቱ ሚዛን ተለወጠ። በድሬ ዳዋ በነጋድራስነት የሠሩት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የአገርን ዕድል ከዕውቀት ጋር አስተሳሰሩት። «አእምሮ» በእርሳቸው ጽሑፍ ከባድ ቃል ነው፤ በግእዝ «አእመረ» ማለት ዐወቀ ነውና ቃሉ ገና ዕውቀትን እንጂ እንደ ዛሬው የራስን ውስጥ አያመለክትም። ቀረጡ በየኬላው ሲከፈል፣ ዕቃው በባዕድ እጅ ሲያልፍ ያዩ ሰው የመካሪ ሽማግሌ ብልሃት ብቻውን እንደማይበቃ መጻፋቸው አይደንቅም። ሆኖም ከእርሳቸው በኋላ የመጣው የአማርኛ የፖለቲካ ጽሑፍ ዕውቀትን ይዞ ምክርን እንደ አሮጌ ዕቃ ከደጅ መተዉ አልበጀውም። ዕውቀት ምን ማድረግ እንደሚቻል ይናገራል፤ ዛሬ፣ በዚህ ሰዓት፣ ማን ምን ያድርግ የሚለውን አይመልስም።

አሁን ወደ ሚያዝያ 1928 መመለስ ይቻላል። የመካከለኛው ዘመን ሊቅ ቶማስ አኵይናስ የማስተዋልን ሥራ በሦስት ከፍሎታል፤ መምከር፣ መፍረድ፣ ማዘዝ። ዋናውም ማዘዝ ነው፤ መክሮ ፈርዶ በማዘዝ ላይ የደከመ ሰው ማስተዋሉ ሙሉ አይሆንም። በዚህ ሚዛን «ስደት»ና «ሽሽት» ያልተናገሩት ይነገራል። ምክር ነበረ፤ ከመነሻው በፊት መኳንንቱ ተሰብስበው አብዛኞቹ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ጄኔቫ ሄደው ለመንግሥታቱ ማኅበር ይናገሩ አሉ። ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት በብርቱ ተቃወሙ። የተቃወመ መኖሩ ራሱ ምክሩ ለስም ያህል እንዳልነበረ ያሳያል። ፍርዱም አመክንዮ ነበረው፤ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ የተደረገው ንግግር የዚያ ፍርድ ፍሬ ነው። ማኅበሩ ከዚያ በኋላ በኢጣሊያ ላይ የጣለውን ማዕቀብ ማንሣቱ ፍርዱን አያፈርሰውም። የጥንቱ አሳብ በደንብ የተመከረ ነገር በዕድል ሊከሽፍ እንደሚችል ያውቅ ነበር፤ በውጤት ብቻ መፍረድ ራሱ የማስተዋል ጕድለት ነው።

ድካሙ ያለው በሦስተኛው ላይ ነው። ራስ እምሩ እንደራሴ ሆነው ተሾሙ፤ የመንግሥቱም መቀመጫ ጎሬ እንዲሆን ተወሰነ። ራስ እምሩ ግን በዚያ ሰዓት ከሰሜኑ ግንባር እያፈገፈጉ ነበር። አዲስ አበባም ንጉሠ ነገሥቱ ከተነሡበት ቀን አንሥቶ ጠላት እስኪገባ ድረስ በዝርፊያና በቃጠሎ ታመሰች። ትእዛዙ ተሰጥቷል፤ የሚፈጽመው ሰው ግን በስፍራው አልነበረም። «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የተባለው የንጉሠ ነገሥቱ መጽሐፍ ስለዚህ ጉዞ ሲተርክ ሲነቀፍ የሚገባው በዚህ ነው፤ መሄድ ትክክል መሆኑን ለማስረዳት የደከመውን ያህል፣ ለቀሩት ምን እንደተተወላቸው አላስረዳም። ተቺዎቹም ቢሆኑ ይህን ትተው «ለምን ሄዱ?» በሚለው ላይ ብቻ ቆመዋል። ጥያቄው በ«ጥንቃቄ» ቃል ስለተጠየቀ የራስን ሕይወት ማዳን ወይም አለማዳን ብቻ ሆነ።

ከዚህ ላይ የጅቡቲ ቋንቋዎች አንድ የማይገመት ነገር ያበረክታሉ። በዚህች ከተማ ዙሪያ የሚኖሩት የሶማሌ ኢሳዎች «ሔር» የተባለውን የቃል ሕጋቸውን በዛፍ ሥር በሚሰበሰብ ሸንጎ ይዳኙበታል፤ የኢሳ ሔር በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። የጅቡቲው ዓሊ ሙሳ ኢዬ ስለዚህ ሥርዓት በፈረንሳይኛ የጻፉት መጽሐፍ ርእስ «የዛፉ ፍርድ» መሆኑ የምክሩን ቦታ ያመለክታል። ዑጋሱ ብቻውን አይወስንም፤ 44 አባላት ያሉት ጉባኤ አለው። (ፍትሐ ነገሥት ስለ ነገሥታት የሚናገርበት አንቀጽ 44ኛው መሆኑ ተራ መገጣጠም ነው፤ ግን የማያስፈግግ አይደለም።) የአፋሮቹ «ዳጉ» ደግሞ ከምክሩ በፊት ያለውን ሥራ ይሠራል፤ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ የሰሙትንና ያዩትን ሳይለዋወጡ አይለያዩም። ያለ ነጠላ ነገሮች ዕውቀት ማስተዋል የለም ያለው ፈላስፋ ዳጉን ቢያይ ደስ ባለው ነበር።

ሶማሌኛ ሌላም አለው። «እኛ» የሚለውን ለሁለት ይከፍላል፤ የሚሰማውን ጨምሮ «እኛ» ሲሆን አንድ ተውላጠ ስም፣ የሚሰማውን ትቶ ሲሆን ሌላ። በዓረፍተ ነገር ውስጥ «ዋይኑ» እና «ዋኑ» ሆነው ይለያሉ። ስለዚህ በሸንጎ የቆመ ሰው «ወሰንን» ሲል አድማጮቹ በውሳኔው ውስጥ መኖር አለመኖራቸውን ሳይናገር ማለፍ አይችልም። የአማርኛ የአዋጅ ቋንቋ ግን በተቃራኒው አቅጣጫ ሄዷል። ንጉሡ ስለ ራሱ ብቻ ሲናገርም በብዙ ቍጥር ይናገራል፤ «አዝዘናል» ሲል ምክሩ የስንት ሰው እንደነበረ፣ የተቃወመው ከውስጥ ይሁን ከውጭ፣ ሰሚው ይካተት አይካተት ግሡ ዝም ይላል። «የሚሰማ ልብ» ወደ «አስተዋይ ልብ» ሲለወጥ የጠፋው ነገር እዚህ በሰዋስው መልክ ተመልሶ ይጠፋል።

የሚያዝያ 1928ን ውሳኔ ለጅቡቲ አንባቢ ወደ ሶማሌኛ የሚመልስ ሰው ይህን ዝምታ ይዞ መሻገር አይችልም። የመኳንንቱን ጉባኤ፣ ብላታ ታከለን፣ በከተማዪቱ የቀረውን ሕዝብ፣ በጣቢያው ቆሞ ባቡሩን ያየውን ሰው አንድ በአንድ አስቦ ከሁለቱ አንዱን መጻፍ ይኖርበታል።